ሁለት ኤልኤንቢ በአንድ ሳህን፦ የብዙ ጨረር አንቴና ንድፍ ከደብረ ማርቆስ ጣሪያ ጀምሮ

ደብረ ማርቆስ ላይ ከፍ ካለ ፎቅ ሆናችሁ ቁልቁል ብታዩ የቆርቆሮው ጣሪያ ሁሉ ሳህን አብቅሏል። ብዙው ወደ ምሥራቅ ሰማይ አንጋጧል፤ ጥቂቱ ደግሞ ወደ ምዕራብ ዝቅ ብሎ ያያል። ያንጋጠጠው ኢትዮሳት የምንለውን፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ የቆመውን ኤንኤስኤስ 12 ይይዛል። ወደ ምዕራብ ያዘነበለው የቆየው የናይልሳት ሳህን ነው። ካንጋጠጡት መካከል አንዳንዶቹ ክንዳቸው ጫፍ ላይ ሁለት ራስ፣ ማለትም ሳህኑ የሰበሰበውን ሞገድ የሚቀበል ሁለት ኤልኤንቢ፣ አላቸው፦ አንዱ ለኢትዮሳት፣ አንዱ በ52.5 ዲግሪ ምሥራቅ ላለው ያህሳት።

ባለ ሁለት ራሱ ሳህን፣ ባለቤቱ ያውቅም አያውቅም፣ የብዙ ጨረር አንቴና ነው፤ አንዱ ሳህን በአንድ ጊዜ ወደ ተለያየ አቅጣጫ ያያል። በመቶ ሚሊዮን ዶላር ሳተላይት ላይ የሚጫነው አንቴና የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ችግሩም ያው ነው፦ ሳህኑ ሞገዱን የሚሰበስብበት ነጥብ፣ ፎከሱ ላይ ቦታ አይበቃም፤ ራሶቹ ይጋፋሉ። እኔ ዲሽ ስተክል የጀመርኩት ኤሌክትሪካል ምህንድስና ከመማሬ በፊት ነው፤ ክፍል ውስጥ የአንቴና ትምህርት ሲመጣ ግማሹን ጣሪያ ላይ ቀድሜ ተምሬው ነበር። ስለዚህ መመሪያውን የምጀምረው ከጣሪያው ነው። የሳተላይቱን ንድፍ ብቻ የምትፈልጉም ብትሆኑ የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች አትዝለሉ፤ ቁጥሮቹ ኋላ ያስፈልጋሉ።

የሚያስፈልገው፦ ሜትር፣ ሲባጎ፣ ውሃ ልክ፣ ኮምፓስ፣ 12 እና 13 ቁጥር መፍቻ፣ ሳይንና ኮሳይን የሚያወጣ ካልኩሌተር። ስልካችሁን ወደ ጎን ብታዞሩት ይበቃል።

ደረጃ 1፦ ሳህኑን ለኩ

ገበያ ላይ «የዘጠና ሳህን» ተብሎ የሚሸጠው ዘጠና አይሆንም፤ ክብም አይደለም። ቁመቱ ከስፋቱ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ከትልቅ ፓራቦላ ጎን ተቆርጦ የወጣ ቁራጭ ነው። ኤልኤንቢው መሃል ላይ ሳይሆን ከታች የሚቀመጠውም ለዚህ ነው፤ የሚመጣውን ሞገድ በራሱ ጥላ አይጋርድም።

ሦስት ነገር ለኩ። ስፋቱን «ስ»፣ ቁመቱን «ቁ» እንበላቸው። ከዚያ ሲባጎውን ከላይኛው ከንፈር እስከ ታችኛው ወጥራችሁ፣ መሃሉ ላይ ከሲባጎው እስከ ሳህኑ ሆድ ያለውን ጥልቀት «ጥ» ውሰዱ። የፎከሱ ርዝመት፦

ፎከስ = ስ × ስ × ስ ÷ (16 × ጥ × ቁ)

እኔ አሁን ከፊቴ ያለው ሳህን ስፋቱ 80፣ ቁመቱ 88፣ ጥልቀቱ 7.5 ሳንቲሜትር ነው። ፎከሱ 48.5 ሳንቲሜትር ይወጣል። ጥልቀቱን ስትለኩ ተጠንቀቁ፤ አንድ ሚሊሜትር ብትስቱ ፎከሱ ከ6 ሚሊሜትር በላይ ይዛነፋል።

ሁለተኛው ቁጥር ከሳህኑ መሃል እስከ ኤልኤንቢው አፍ ያለው ርቀት ነው። እሱም ፎከሱ ሲባዛ በ(ቁ ÷ ስ) ስኩዌር ነው። 88 ሲካፈል ለ80 1.1 ነው፤ ስኩዌሩ 1.21፤ በ48.5 ሲባዛ 58.7 ሳንቲሜትር። ክንዱ ይህን ያህል ካልደረሰ ወይም ካለፈ፣ ሳህኑና ክንዱ ከአንድ ካርቶን አልወጡም ማለት ነው። ይህ ያጋጥማል፤ ከሚያስቡት በላይ ያጋጥማል።

እግረ መንገዳችሁን ሆዱን በእጃችሁ ዳስሱት። ከጣሪያ ወድቆ ታጥፎ በመዶሻ የተቃና ሳህን ከሩቅ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ድግግሞሽ ሞገዱ 2.7 ሳንቲሜትር ነው፤ የገጹ መዛነፍ በአማካይ 1.7 ሚሊሜትር ከደረሰ 2.7 ዴሲቤል ይጠፋል። የሚመጣው ኃይል ሊጋመስ ምንም አልቀረውም ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሳህን ለዶሮ ውሃ ማጠጫ ስጡት።

ደረጃ 2፦ ሰማዩን አስሉ

ደብረ ማርቆስ በ10.33 ዲግሪ ሰሜንና በ37.73 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ትገኛለች። ሳተላይቱ ካለበት ኬንትሮስ የእናንተን ኬንትሮስ ቀንሱ፤ ለኢትዮሳት 57 ሲቀነስ 37.73፣ 19.27 ዲግሪ ነው። የኬክሮሳችሁን ኮሳይን በዚህ ልዩነት ኮሳይን አባዙት፤ 0.929 ይወጣል። ይህ የአንድ ማዕዘን ኮሳይን ነው፤ የማዕዘኑ ሳይን ደግሞ 0.371 ነው። ከዚያ፦

የከፍታው ታንጀንት = (0.929 − 0.151) ÷ 0.371

0.151 የምድር ሬዲየስ ለሳተላይቱ ምሕዋር ሬዲየስ ሲካፈል የሚገኝ ነው፤ አይቀየርም። ከፍታው 64.5 ዲግሪ ይሆናል። አቅጣጫውን ለማግኘት የ19.27ን ታንጀንት ለኬክሮሳችሁ ሳይን አካፍሉና ማዕዘኑን ከ180 ቀንሱ፦ 117 ዲግሪ፤ ማለትም ከምሥራቅ 27 ዲግሪ ወደ ደቡብ። ሳተላይቱ ከእናንተ በምዕራብ ሲሆን መቀነሱ መደመር ይሆናል።

ያህሳትን በዚሁ መንገድ ስታሰሉት ከፍታው 69፣ አቅጣጫው 124 ይወጣል። ናይልሳት ከፍታው 37.4፣ አቅጣጫው 260 ነው፤ ከኢትዮሳት ጋር በአንድ ሳህን ይዋልልኝ የሚል ደንበኛ ቢመጣ ይህን ቁጥር አሳዩት። ባሕር ዳር ላይ ከሆናችሁ ከደብረ ማርቆሱ ከአንድ እስከ ሁለት ዲግሪ ተኩል ይለያል፤ አስሉት እንጂ ከእኔ አትቅዱ።

64 ዲግሪ ብዙ ከፍታ ነው። ጮቄን የሚያህል ተራራ እንኳ አይጋርደውም፤ የሚጋርደው የጎረቤት ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱም 20 ሜትር ርዝመት ያለው ሆኖ ከ9.5 ሜትር ከቀረባችሁ ብቻ። ለክረምቱም ይጠቅማል። ከተማው ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ሳህኑም ስላንጋጠጠ፣ ሞገዱ ዝናቡን የሚያቋርጠው በአጭሩ ነው። ሐምሌ ላይ ኳሊቲው ወርዶ ስዕሉ ቢቆራረጥ ሁሌ ዝናቡን አትውቀሱ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ውሃ የገባበት የገመድ ራስ ነው።

ደረጃ 3፦ በሰማይ ላይ ያለውን ርቀት ወደ ሳንቲሜትር ለውጡ

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። ሁለቱ ሳተላይቶች በኬንትሮስ 4.5 ዲግሪ ቢለያዩም ከእኛ ጣሪያ ስናያቸው ርቀታቸው ይበልጣል። በከፍታ 4.4 ዲግሪ ይለያያሉ። በአቅጣጫ 7 ዲግሪ ይለያያሉ፤ ሆኖም ወደ አናት ሲጠጋ የአቅጣጫ ዲግሪ ይጠባል፤ በአማካዩ ከፍታ ኮሳይን ስታባዙት 2.8 ብቻ ይቀራል። የቀጥተኛ ማዕዘን ሦስት ጎኑን ስታሰሉ በመካከላቸው ያለው 5.2 ዲግሪ ነው።

ከዚህ ውስጥ የሚበልጠው ወደ ላይ ያለው መሆኑን ልብ በሉ። ኢንተርኔት ላይ የምታገኟቸው ሥዕሎች አብዛኞቹ ለአውሮፓ የተሠሩ ናቸው፤ እዚያ ሳተላይቶቹ ወደ ጎን ተሰልፈው ስለሚታዩ ኤልኤንቢዎቹም ጎን ለጎን ይታሰራሉ። ጎጃም ውስጥ ግን ሰልፉ ከአግዳሚው 58 ዲግሪ ያህል ተነስቶ ሽቅብ ይወጣል። ጎን ለጎን ያሰረ ሰው ሁለተኛውን ሳተላይት ቀኑን ሙሉ ቢፈልግ አያገኘውም።

አሁን ወደ ሳንቲሜትር። ኤልኤንቢው ከፎከሱ ወደ ጎን ሲገፋ ጨረሩ ወደ ተቃራኒው ይዞራል። የሚዞረው ግን ኤልኤንቢው የሄደውን ማዕዘን ሙሉ አይደለም፤ ሳህኑ ጠማማ ስለሆነ እንዲህ ባለ ሳህን 90 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ሳህኑ ጎድጓዳ በሆነ ቁጥር ይህ ቁጥር ይወርዳል። ስለዚህ ለአንድ ዲግሪ የሚያስፈልገው ግፊት፦

58.7 × የ1 ዲግሪ ታንጀንት ÷ 0.9 = 1.14 ሳንቲሜትር

ለ4.4 ዲግሪ 5 ሳንቲሜትር፣ ለ2.8 ዲግሪ 3.2 ሳንቲሜትር፤ በቀጥታ ሲለካ 6 ሳንቲሜትር ገደማ።

6 ሳንቲሜትር። የተራ ኤልኤንቢ አፍ ከነቀለበቱ ስንት ነው? ለኩት፤ 6 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ ልክ ይነካካሉ። ሳህኑ 60 ሳንቲሜትር ቢሆን ኖሮ ርቀቱ ወደ 4.5 ይወርድና አንዱ ሌላው ውስጥ መግባት ይኖርበት ነበር። ቀጭን አፍ ኤልኤንቢ ካልተገኘ በስተቀር በትንሽ ሳህን እነዚህን ሁለት ሳተላይቶች አትሞክሩ። ይህችን መነካካት ያዟት፤ ሳተላይቱ ላይ ስንደርስ ትመለሳለች።

ደረጃ 4፦ ግራና ቀኙን ለዩ

ከሳህኑ ጀርባ ቆማችሁ ወደ ሳተላይቶቹ ስታዩ ያህሳት ከኢትዮሳት በቀኝና በላይ ነው። የያህሳት ኤልኤንቢ ታዲያ በግራና በታች ይታሰራል። ሳህን መስታወት ነው።

ይህን ያወቅሁት ፍኖተ ሰላም አንድ ሻይ ቤት ጣሪያ ላይ ነው፤ ያኔ ገና ጀማሪ ነበርኩ። ሁለተኛውን ኤልኤንቢ በቀኝ በኩል፣ ያውም ከዋናው ጋር በአግድም አስሬ ከጠዋት እስከ ምሳ ሳህኑን ስነቀንቅ ዋልኩ። እየነቀነቅሁ ዋናውንም አጠፋሁት፤ ቤቱ ውስጥ ዜና ሲያዩ የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ ሻያቸውን እየጨረሱ ወጡ። የቤቱ ባለቤት ወጥተው እጃቸውን በወገባቸው አድርገው ቆሙ። «አንተ ልጅ፣ ወይ ግራህ ወይ ቀኝህ ነው፤ ሌላ የት አባቱ ይሄዳል?» አሉኝ። አፌ ደረቀ። ኤልኤንቢውን ነቅዬ ወደ ግራ አዞርኩት፣ ዝቅ አደረግሁት፤ ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

አንድ ችግር አለ። ከታች ክንዱ አለ። ኦፍሴት ሳህን፣ ማለትም እንደኛው ከፓራቦላ ጎን የተቆረጠ ሳህን ላይ ኤልኤንቢ ወደ ታች ሲወርድ ከራሱ ክንድ ጋር ይጋጫል። ሁለት መውጫ አለ። አንዱ ማሰሪያውን ከክንዱ ጎን አውጥቶ ማሰር ነው፤ 3.2 ሳንቲሜትር ወደ ጎን ስለምትሄዱ ለቀጭን ክንድ ይበቃል። ሌላው፣ እኔ የምመርጠው፣ ያህሳትን ፎከሱ ላይ ማድረግና የኢትዮሳቱን በቀኝና በላይ ማሰር ነው፤ እዚያ ምንም የለም። ፎከሱ ላይ የሚሆነው ደካማው ምልክት ነው የሚለው የቆየ ልማድ ትክክል ነው፤ ግን በዚህ ሳህን ከፎከስ 5 ዲግሪ መውጣት የሚያስከፍለው ከአንድ ዴሲቤል በታች ስለሆነ ለክንዱ ብሎ መተው ያዋጣል።

ደረጃ 5፦ እሰሩ፣ አስተካክሉ

ምሶሶው በውሃ ልክ በሁለት ጎን ቀጥ ይበል። ምሶሶ ካዘመመ ያሰላችሁት ሁሉ ከንቱ ነው። የሳህናችን ስፋት ለቁመቱ ሲካፈል የሚሰጠው የ24.6 ዲግሪ ኮሳይን ነው፤ ሞገዱ ከሳህኑ ፊት ለፊት ሳይሆን ከዚያ 24.6 ዲግሪ ከፍ ካለ ቦታ ይመጣል ማለት ነው። ስለዚህ ፎከሱ ላይ ኢትዮሳት ካለ ሳህኑ ከቁም 40 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ይተኛል፤ ያህሳት ካለ ወደ 44። አቅጣጫውን በኮምፓስ ስትይዙ ከቆርቆሮው ራቅ በሉ፤ ብረት ይዋሻል። ሁለት ሦስት ሜትር ርቃችሁ ዒላማ የሚሆን ዛፍ ወይም ምሰሶ ምረጡና ሳህኑን ወደዚያ አዙሩት።

ኤልኤንቢው በአንገቱም መዞር አለበት፤ ብዙ ሠራተኛ የሚረሳው ይሄን ነው። ከሳህኑ ጀርባ ሆናችሁ ስታዩ ከሰዓት አዟዟር በተቃራኒ፣ ለኢትዮሳት 61፣ ለያህሳት 54 ዲግሪ ያህል። ከደረጃ 3ቱ 58 ዲግሪ ጋር አስተያዩት፤ መካከላቸው ላይ ይውላል፤ የሰማዩ ሰልፍ ያዘነበለውን ያህል ሞገዱም አዘንብሏልና። ሳያዞሩ የሚያስሩ ሰዎች ሆሪዞንታሉን በቨርቲካል ያገኙትና «ሪሲቨሩ ተበላሽቷል» ይላሉ። 10 ዲግሪ ብቻ ብትስቱ ከራሳችሁ ምልክት የሚጠፋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ነገር ግን የሌላው ፖላራይዜሽን፣ ማለትም በሌላው አቅጣጫ የሚወዛወዘው ሞገድ፣ 15 ዴሲቤል ብቻ ዝቅ ብሎ ሾልኮ ይገባል። ጎጂው እሱ ነው።

ሪሲቨሩ ላይ ለኢትዮሳት ድግግሞሹን 11105፣ ሆሪዞንታል፣ ሲምቦል ሬቱን 45000 አስገቡ። ኤልኤንቢው 9750 ሲቀንስለት ገመዱ ውስጥ የሚወርደው 1355 ሜጋኸርዝ ነው፤ ቀጭን ርካሽ ገመድ እዚህ ድግግሞሽ ላይ ብዙ ይበላል። ፎከሱ ላይ ያለውን ኤልኤንቢ ሳህኑን በማንቀሳቀስ አስተካክላችሁ ጨርሱት፤ ብሎኖቹን ጥብቅ አድርጉ። ከዚያ በኋላ ሳህኑን ማንም አይንካው። ሁለተኛውን የምታስተካክሉት ኤልኤንቢውን ብቻ በማንቀሳቀስ ነው፦ ከዋናው 6 ሳንቲሜትር አርቃችሁ ጀምሩ፣ አፉ የሳህኑን መሃል ይይ፣ በሰልፉ መስመር ላይ ወዲያ ወዲህ አድርጉት። 5 ሚሊሜትር ብትስቱ እንኳ የሚጠፋው ግማሽ ዴሲቤል አይሞላም፤ ጣሪያ ላይ ያለ አንቴና ይቅር ባይ ነው። ሁለቱን ገመዶች፣ ሪሲቨሩን ከአንዱ ኤልኤንቢ ወደ ሌላው በሚቀያይረው ስዊች ላይ አንዱን ወደብ 1፣ ሌላውን ወደብ 2 አድርጉ፤ ሪሲቨሩም ላይ እንደዚያው።

ደረጃ 6፦ ሳህኑን ሰማይ ላይ ስቀሉት

አንቴና ሲቀበልና ሲልክ አንድ ነው። ጣሪያ ላይ ሁለት ኤልኤንቢ ሁለት ሳተላይት ካየ፣ ሳተላይት ላይ የተሰቀለ ሳህን በሁለት ፊድ (በኤልኤንቢው ቦታ ሆኖ ሞገዱን ወደ ሳህኑ የሚረጭ አፍ) ሁለት አካባቢ ያበራል። እንሞክረው፤ ሳተላይታችን በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ቆሟል እንበልና አባይ ጠምዝዞ የያዘውን ጎጃምን በአንድ ጨረር እንሸፍን።

ጎጃም ከጣና ዳር እስከ አባይ በረሃ፣ ከአዊ እስከ ሞጣ ማዶ 250 ኪሎሜትር በሚያህል ክብ ውስጥ በደምሳሳው ይገባል። ሳተላይቱ ከደብረ ማርቆስ 36,300 ኪሎሜትር ይርቃል። ከዚያ ሲታይ ጎጃም 0.4 ዲግሪ ነው። የጨረር ስፋት በዲግሪ 70 ሲባዛ በሞገዱ ርዝመት ሲካፈል ለሳህኑ ስፋት ነው። በጣሪያችን ድግግሞሽ፣ በ2.7 ሳንቲሜትር ሞገድ፣ 4.7 ሜትር ሳህን ያስፈልጋል፤ ሮኬት አናት ላይ እንዲህ ያለውን ማስገባት ጣጣ ነው። በ20 ጊጋኸርዝ ግን ሞገዱ 1.5 ሳንቲሜትር ስለሆነ 2.6 ሜትር ይበቃል። ብዙ ጨረር ያላቸው ሳተላይቶች ካ ባንድን፣ ይህን የ20 ጊጋኸርዝ አካባቢ፣ የሚወዱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ጎረቤት ጨረሮች ክፍተት እንዳይተዉ እንደ ማር እንጀራ ሦስት ማዕዘን ሰርተው ይደረደራሉ፤ ከማዕከል እስከ ማዕከል የጨረሩ ስፋት ሲባዛ በ0.866፣ ማለትም 0.35 ዲግሪ ወይም መሬት ላይ 220 ኪሎሜትር። አገሪቱን በሙሉ ለመሸፈን በዚህ አደራደር ወደ 30 ጨረር ይፈጃል።

አሁን ፊዶቹን እናስቀምጥ። የሳተላይት ሳህን ዝርግ ስለሚሆን የፎከሱን ርዝመት የስፋቱ 1.4 እጥፍ፣ 3.64 ሜትር እንውሰድ። በጎረቤት ፊዶች መካከል የሚኖረው ርቀት 2.2 ሳንቲሜትር ነው። ፊዱ ግን ሳህኑን በወጉ እንዲያበራ፣ ጫፉ ላይ ከመሃሉ 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ እንዲል፣ አፉ ሦስት የሞገድ ርዝመት ያህል፣ 4.5 ሳንቲሜትር መሆን አለበት። 4.5 ሳንቲሜትር አፍ በ2.2 ሳንቲሜትር ቦታ! የፍኖተ ሰላሙ ጣሪያ ተመልሶ መጣ።

ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር አለ፦ ፎከሱን እናርዝመው። አስሉትና እዩ። ፎከሱ ሲረዝም በፊዶቹ መካከል ያለው ርቀት ያድጋል፤ ግን ሳህኑ ከፊዱ ሲታይ ስለሚጠብ ፊዱም ጨረሩን ማጥበብ፣ ማለትም አፉን ማስፋት ይኖርበታል። ሁለቱ እኩል ያድጋሉ። ርቀቱ 1.06 ሲባዛ በሞገዱና በፎከስ ለስፋት ንጽጽር፣ አፉ ደግሞ 2.1 ሲባዛ በዚያው፤ ንጽጽሩ ሁሌ ግማሽ ገደማ ነው። ጣሪያ ላይም የሆነው ይኸው ነው፦ የ80 ሳንቲሜትር ሳህን ጨረሩ 2.4 ዲግሪ ይሆናል፤ ሳተላይቶቹ 5.2 ዲግሪ፣ ከሁለት ጨረር ትንሽ የበለጠ፣ ስለተራራቁ ነው አፎቹ ነካክተው የተረፉት።

አፉን አጥብቦ በ2.2 ማሰር ይቻላል፤ ያኔ ፊዱ ከሳህኑ ውጭ ይረጫል፣ ኃይሉ ጠፈር ውስጥ ይቀራል። የተለመደው መፍትሔ ጨረሮቹን ለአራት ሳህኖች ማካፈል ነው፤ አንድ ሳህን በሰልፉ ላይ አንድ አንድ ጨረር እየዘለለ ይይዛል፣ በመካከሉ ያሉትን ሌሎቹ ይይዛሉ። ርቀቱ እጥፍ፣ 4.4 ሳንቲሜትር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ የተመጠቀው የአውሮፓው ካሳት 82 ጨረሮቹን በአራት ሳህኖች የሚልከው በዚህ አሠራር ነው። በሦስት ሳህንም ይሠራል፤ ርቀቱ 3.8 ሳንቲሜትር ይሆንና ትንሽ ይረጫል። አንድ ሳህን ብቻ ይዞ አንዱን ጨረር በብዙ ትንንሽ ፊዶች ኅብረት መሥራትም አለ፤ ፊዶቹን የሚያገናኘው መረብ ግን ከባድና አስቸጋሪ ነው፤ ለመጀመሪያ ንድፍ አልመክረውም።

ድግግሞሹንም በዚያው አራት ቦታ ክፈሉት፦ ሁለት ግማሽ ባንድ በሁለት ፖላራይዜሽን፣ አራት «ቀለም»። ተጎራባቾች አንድ ቀለም እንዳይሆኑ ቀቡት። በአራቱ ሳህን ክፍፍል አንድ ሳህን አንድ ቀለም ሊይዝ ይችላል፤ ይህ ፊዱን ያቀልላል። በደረጃ 5 ያያችሁት የፖላራይዜሽን መሹለክ እዚህ ላይ ዋጋው ይጨምራል፤ ጎረቤቱ ያንኑ ድግግሞሽ በሌላኛው ፖላራይዜሽን እየተጠቀመ ነውና።

ሳተላይቱ እንደ ጣሪያው ይቅር ባይ አይደለም። እዚያ 5 ሚሊሜትር ተሳስታችሁ ግማሽ ዴሲቤል አልጠፋም ነበር፤ እዚህ ፊዱ 1 ሚሊሜትር ቢዛነፍ ጨረሩ ጫፍ ላይ ያለው ሰው ግማሽ ዴሲቤል ያጣል። ሳተላይቱ ራሱ 0.05 ዲግሪ ቢያጋድል ጨረሩ መሬት ላይ ከ30 ኪሎሜትር በላይ ይንሸራተታል፤ ጫፉ ላይ 1.7 ዴሲቤል ይወርዳል። የሳህኑ ገጽ ደግሞ በአማካይ ከ0.3 ሚሊሜትር በላይ እንዳይዛነፍ አድርጉ፤ ያኔ ኪሳራው 0.3 ዴሲቤል አይሞላም።

ደረጃ 7፦ በካርቶን ፈትሹት

የዚህ ንድፍ ደስ የሚለው፣ የፊዱ ጠረጴዛ በእውነተኛ መጠኑ የሪሲቨር ካርቶን ላይ መሣሉ ነው። በ2.2 ሳንቲሜትር ርቀት ሦስት ማዕዘን ሰልፍ ሠርታችሁ ሠላሳ ነጥብ አድርጉ። በኮምፓስ (በመሳያው እንጂ በአቅጣጫው አይደለም) በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ 4.5 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ሳሉ። ካርቶኑ የተጠላለፈ የስፌት ሙዳይ ይመስላል። አሁን ነጥቦቹን በአራት እስክርቢቶ ቀለም አካፍሉ፣ ተጎራባች ነጥቦች አንድ ቀለም እንዳይደርሳቸው። እያንዳንዱን ቀለም ለየብቻ ወደ ሌላ ካርቶን ገልብጡ፤ በየካርቶኑ ሰባት ስምንት ክብ ይቀራል።

አሁንም አንድ ሚሊሜትር ይደራረባሉ፤ 4.5 በ4.4 ነውና። የፊዱንም ግድግዳ ውፍረት አልቆጠርንም። አፉን ወደ 4.2 አውርዱና የጫፉን 12 ዴሲቤል እንደገና አስሉ፤ ከ10 በታች ካልወረደ ካርቶኑን ቆርጣችሁ ወደ ብረት ሠሪው ሂዱ።